የቆየ ሁሉ የበሰለ አይደለም፤ ስለ አሮጌ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ አቀማመስ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ ከመሐል ከተማው በስተሰሜን፥ ሩንዳ የሚባል የመኖሪያ ሰፈር አለ። ሰፈሩ ቀድሞ የቡና እርሻ ነበረ፤ ዛሬ ግን ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች የተሠሩበት፥ በዛፍና በአበባ ያጌጠ፥ ጸጥታ የሰፈነበት ቦታ ነው። በአጠገቡ በጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ስለሚገኝ፥ ከብዙ አገር የመጡ የመንግሥት መልእክተኞችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው በዚያ ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ።

በእንደዚህ ያለ ሰፈር ራት መጋበዝና መጋበዝን መመለስ የኑሮ ክፍል ነው። በግብዣው ላይ አንዳንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ከሌላው መጠጥ ሁሉ ለይቶ፥ አቧራ የለበሰ አንድ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ ይመጣል። በጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት 1982 ወይም 1990 የሚል ቁጥር ይነበባል። እንግዶቹም ዝም ይላሉ። ጥቂቶቹ ዝም የሚሉት ምን እንደ ቀረበላቸው ስለሚያውቁ ነው፤ የቀሩት ግን ምን ማድረግና ምን ማለት እንደሚገባቸው ጨንቋቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእነዚህ ለኋለኞቹ ነው። ከዚህም ጋር አማርኛን በትምህርት በማጥናት ላይ ለሚገኙት አንባቢዎቻችን ስለ ጣዕምና ስለ መዓዛ የሚነገሩትን ቃላት በየቦታቸው ለማሳየት እንሞክራለን። እኛም ራሳችን በትግርኛ አፍ ፈትተን በሚሲዮን ትምህርት ቤት አማርኛን የተማርን ስለ ሆንን፥ አንድ ቃል በትክክለኛው ቦታ ሲውል የሚሰጠውን ደስታ እናውቀዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም ወይኑ የተለቀመበት ዓመት በዚሁ አቆጣጠር ነውና።

ወይን ጠጅ እንዴት እንደሚበስል

ብዙ ሰው ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ብሎ ያምናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ወይን ጠጅ እጅግ የሚበዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው፤ ቢያስቀምጡት ይደክማል እንጂ አይሻሻልም። ሃያና ሠላሳ ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፥ ቆይቶ የሚያምርበት ጥቂቱ ብቻ ነው።

ከነዚህ ጥቂቶች መካከል በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ ዙሪያ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ጠጅ ስመ ጥር ነው። በዚያ አገር፥ ከጂሮንድ ወንዝ በስተግራ ያለው የሜዶክ አውራጃ መሬቱ ጠጠር የበዛበት ሲሆን፥ በብዛት የሚተከልበት ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው የወይን ዘር ነው። ከዶርዶኝ ወንዝ በስተቀኝ ባሉት በፖምሮልና በሴንት ኤሚሊዮን ግን ሜርሎ የሚባለው ዘር ይበዛል። በ1855 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ በፓሪስ ላሰናዱት የዓለም ኤግዚቢሽን የሜዶክ ቀይ ወይን ጠጆች በአምስት ደረጃ ተመደቡ። በመጀመሪያው ደረጃ የተቀመጡት ሻቶ ላፊት፥ ሻቶ ላቱር፥ ሻቶ ማርጎ፥ ከሜዶክ ውጭ የሆነውም ሻቶ ኦ ብሪዮን ነበሩ። ሻቶ ሙቶን ሮትሽልድ ወደዚህ ደረጃ የወጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1973 ነው።

እንዲህ ያለው ወይን ጠጅ በልጅነቱ ለመጠጥ አስቸጋሪ ነው። ከወይኑ ፍሬ ቅርፊትና ከዘሩ ቀለምን፥ ታኒን የሚባለውንም ነገር ይወስዳል። ታኒን ማለት፥ የሻይ ቅጠል በፈላ ውኃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ምላስንና ድድን የሚያደርቀው ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ወጣት የሆነው የሜዶክ ወይን ጠጅ በአፍ ውስጥ ሻካራና ከረር ያለ ይሆናል። በጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲያልፉበት ግን ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ በመጨረሻም እንደ ጠጅ አምቡላ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣሉ። ያን ጊዜ የመጠጡ ቀለም ይሳሳል፥ ሻካራነቱ ይለዝባል፥ የትኩስ ፍሬ መዓዛውም ቀስ በቀስ በሌላ፥ ይበልጥ ረቂቅ በሆነ መዓዛ ይተካል።

በዚህ ሥራ ላይ የአየር ድርሻ ትልቅ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1866 ባሳተመው የወይን ጠጅ ጥናት ኦክሲጅን መጠጡን እንዴት እንደሚለውጠው አስረድቶ ነበር። በቡሹ በኩል ባለፉት ዓመታት ሁሉ እጅግ ጥቂት አየር ይገባል፤ ጥቂቱ ከሌላው ለውጥ ጋር ተባብሮ ያበስለዋል፥ ብዙው ግን ይገድለዋል። እንግዲህ የበሰለ የሚባለው ወይን ጠጅ፥ የልጅነቱ ሻካራነት ለቆት፥ የእርጅናው ድካም ደግሞ ገና ያልደረሰበት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ለአንዱ አሥር ዓመት፥ ለሌላው ሠላሳ ዓመት ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ግን በጣም ላረጀው የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ስለ ማስቀመጫው

አንድ ጠርሙስ ሠላሳ ዓመት በደኅና የሚኖረው በደኅና ሲቀመጥ ነው። የሚስማማው ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ፥ ከቀን ወደ ሌሊት የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ፥ ጨለማና ጸጥታ ነው። ቡሹ እንዳይደርቅና እንዳይሸማቀቅ ጠርሙሱ በጎኑ ይተኛል።

የናይሮቢ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ደስ የሚል ነው፤ በሐምሌ ወር በሩንዳ ማታ ማታ እሳት የሚያነዱ ቤቶች አሉ። ነገር ግን ለሰው የሚስማማ አየር ሁሉ ለወይን ጠጅ ይስማማል ማለት አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ ሲሞቅ፥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፥ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ እየሰፋና እየጠበበ ቡሹን ይገፋል፤ አየርም ያስገባል። ከዚህም በላይ ከአውሮፓ በመርከብ የሚመጣው ዕቃ ከናይሮቢ 480 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሞምባሳ ወደብ ነው የሚወርደው። የወደቡ ሙቀት ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሣጥኑ በፀሐይ ላይ ሰንብቶ እንደ ሆነ ወይን ጠጁ ገና ከቤት ሳይደርስ ተቀቅሏል ማለት ነው። ስለዚህ አዋቂ ሰው ከጠርሙሱ ላይ ስሙንና ዓመቱን ብቻ አያነብም፤ ከየት እንደ መጣና በማን ቤት እንዴት እንደ ኖረ ይጠይቃል።

ሁለቱ ጠርሙሶች

ይህን ሁሉ በዓይናችን ያየንበት አንድ ማዕድ ነበረ። ባለፈው ሐምሌ በሩንዳ የሚኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ወዳጃችን የታላቂቱን ልጃቸውን እጮኝነት ምክንያት በማድረግ ዐሥር ሰዎች ራት ጋበዙ። ልጂቱ የተወለደችው በ1990 ነው። ዓመቱ በቦርዶ አገር ሞቃትና ደረቅ የነበረ፥ መልካም ወይን ጠጅ የተገኘበት በመሆኑ፥ አባቷ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውሮፓ ሲሠሩ ከአንድ የሜዶክ ቤት የዚያን ዓመት ሁለት ጠርሙስ ገዝተው ለዚህ ቀን አስቀምጠው ነበር።

ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ ስም፥ አንድ ዓመት፥ አንድ ዋጋ ነበራቸው። አኗኗራቸው ግን አንድ አልነበረም። አንዱ መጀመሪያ በምድር ቤት፥ ኋላም ለወይን ጠጅ ተብሎ በተሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ኖረ። ሁለተኛውን ግን ባለቤቱ ስለሚኮሩበት፥ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው በሳሎን መደርደሪያ ላይ፥ ከመብራት ሥር፥ በመስኮቱ አጠገብ አቁመውት ነበር።

በዚያ ማታ አስቀድሞ የተከፈተው በመደርደሪያው ላይ የኖረው ነበረ። ቡሹ ጠቁሮና ረጥቦ ወጣ፤ የመጠጡም ልክ ከጠርሙሱ ትከሻ በታች ወርዶ ነበር። በየብርጭቆው ተቀዳ። የመጀመሪያው እንግዳ ቀምሰው «ግሩም ነው» አሉ። ሁለተኛው «የፈረንሳይ ነገር፥ ምን ይወጣለታል!» አሉ። ሦስተኛውም ዓመቱን እያነበቡ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ለእኛ ገና አልተቀዳም ነበር።

በማዕዱ ራስ የተቀመጡት የልጂቱ አያት ነበሩ። እኚህ እመቤት ከጎንደር የመጡ፥ ከአርባ ዓመት በላይ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፥ ጥቂት ቆይተው፥ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያም ወደ አማቻቸው ዘወር ብለው «አይቀየሙኝ፤ ይህ አልፎበታል። በእኛ ቤት ቢሆን ለኮምጣጤ ይተዋል እንጂ ለእንግዳ አይቀርብም» አሉ።

በማዕዱ ላይ ዝምታ ሆነ። የቤቱ ባለቤት ብርጭቆአቸውን አንሥተው አሸተቱ፤ ትንሽም ቀመሱ። ሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቁት ነገር ነበርና ፊታቸው ጠቆረ። ነገር ግን ደግ ሰው ስለ ሆኑ «እማማ፥ እውነትዎን ነው» ብለው ተነሡና ሁለተኛውን ጠርሙስ አመጡ። እርሱ ከሁለት ቀን በፊት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ በሻማ ብርሃንም በጥንቃቄ ተንቆረቆረ።

አያት ይህን ደግሞ አሸተቱ። ቀመሱ። ጥቂት ዝም ብለው «ይኸስ በሕይወት አለ» አሉ። ልጂቱ ምን እንደሚሸት ብትጠይቃቸው፥ «ከዝናብ በኋላ እንዳለ የጫካ መሬት፤ ደግሞ እንደ አዲስ ኮርቻ ቆዳ» ብለው መለሱላት። ስለ ቦርዶ መጻሕፍት የጻፉ ሰዎችም ለበሰለ የሜዶክ ወይን ጠጅ ከሚሰጧቸው ምሳሌዎች መካከል የረጠበ የጫካ ቅጠልና ቆዳ ይገኛሉ። እኚህ እመቤት መጽሐፎቹን አላነበቡም፤ አፍንጫቸውን ግን አመኑ።

ጠርሙሱን ስለ ማዘጋጀት

አሮጌ ወይን ጠጅ ለመክፈት ያሰበ ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ያቁመው፤ አምቡላው ወደ ታች ይወርድለታል። በመጨረሻው ሰዓት ከተኛበት አንሥቶ እያወዛወዘ ወደ ማዕድ የሚያመጣ ሰው ሠላሳ ዓመት የረጋውን በአንድ ደቂቃ ያደፈርሰዋል።

ቡሹ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል በችኮላ አይነቀልም። የተለመደው ጠምዛዛ መንቀያ አሮጌ ቡሽ ሊያፈርስ ይችላል፤ ለዚህ ጉዳይ በቡሹና በጠርሙሱ መካከል የሚገቡ ሁለት ስስ ምላሶች ያሉት መንቀያ ይሻላል። ቡሹ ከወጣ በኋላ የጠርሙሱ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል።

ከዚህ በኋላ ከጠርሙሱ አንገት በስተኋላ ሻማ ወይም ትንሽ መብራት ተደርጎ፥ መጠጡ በዝግታ ወደ ንጹሕ የመስታወት ማንቆርቆሪያ ይገለበጣል። ጥቁር ዝቃጭ ወደ አንገቱ ሲቀርብ በመብራቱ ይታያል፤ ያን ጊዜ ይቆማል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው አንድ ሁለት ጉንጭ አያሳዝን። የቦርዶ ጠርሙስ ሰፊ ትከሻ ያለው በመሆኑ በዚህ ጊዜ አምቡላውን ለመያዝ ይረዳል። ወጣት ወይን ጠጅ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ሰዓታት ቢቆይ ይለዝባል፤ እጅግ ያረጀው ግን ተንቆርቁሮ ወዲያው መቅረብ አለበት።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። በሐምሌ በሩንዳ ቤት ውስጥ ይህ ያለ ድካም ይገኛል፤ በየካቲት ግን ጠርሙሱን ለጥቂት ጊዜ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፥ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ከሢሶውም በላይ አይሞላ። ብርሌ ለጠጅ ያማረ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ አፍንጫ አያስገባም፥ ለዚህም ሥራ አይመችም።

ስለ ምግቡ ለቤት እመቤቶችና ለወጥ ቤት ሠራተኞች አንድ ነገር እናሳስባለን። የበርበሬ ትኩሳት ምላስን ስለሚይዝ የአሮጌውን ወይን ጠጅ ረቂቅ መዓዛ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ በፊት፥ በጨው ብቻ ከተጠበሰ የበግ ሥጋ ጋር ቢቀርብ ሁለቱም ክብራቸውን ይጠብቃሉ።

በዓይን፥ በአፍንጫ፥ በአፍ

ብርጭቆው በነጭ የማዕድ ልብስ ላይ ዘንበል ተደርጎ ይታያል። የወጣት ቀይ ወይን ጠጅ ዳር ሐምራዊ ነው። የበሰለው ዳር የጡብ ቀለም ይይዛል፤ መሐሉ ግን ገና ቀይ ነው። እስከ መሐሉ ድረስ ቡናማ ከሆነ ዕድሜው እንዳለፈ መጠርጠር ይገባል፤ ይሁን እንጂ ዓይን ብቻውን አይፈርድም።

ቀጥሎ ይሸተታል። በዚህ ላይ አማርኛችን ቃል አያንሰውም። መዓዛ የምንለው ደስ የሚለውን ነው። ሽታ ለመልካሙም ለመጥፎውም ይነገራል፤ ለመጥፎው ግን ይበዛል። ጠረን ከአንድ ነገር ወይም ከአንድ ሰው ተለይቶ የሚመጣው ነው። ቃና ደግሞ መዓዛና ጣዕም በአንድነት ሲሰሙ የሚነገር ሲሆን፥ ስለ ጠጅና ስለ ቅቤም በዚሁ ቃል እንናገራለን። በበሰለ የቦርዶ ወይን ጠጅ የደረቀ ፍሬ፥ የትምባሆ ቅጠል፥ የቆዳ፥ የእንጨትና የእርጥብ ቅጠል መዓዛ ሊገኝ ይችላል። በቡርጎኝ አገር ፒኖ ኗር ከሚባለው ዘር የሚጠመቀው ግን ከዚህ የሳሳ ቀለምና ሌላ ዓይነት መዓዛ አለው።

የሻገተ ምድር ቤት ወይም የረጠበ ወረቀት ጠረን ቢመጣ፥ ይህ የእርጅና ምልክት አይደለም። ከቡሹ የሚመጣ ጉድለት ነው፤ መንሥኤውን የስዊስ አገር ተመራማሪ ሃንስ ታነርና ባልደረቦቹ በ1981 ለይተው አሳውቀዋል። በወጣትም ሆነ በአሮጌ ጠርሙስ ሊደርስ ይችላል፤ ጠጪውን አይጎዳም፥ መጠጡን ግን ያበላሻል። የኮምጣጤ ሽታ ደግሞ አየር በዝቶበት መጠጡ መለወጡን ያመለክታል።

በመጨረሻ ትንሽ ጉንጭ ተወስዶ በአፍ ውስጥ ይዘዋወራል። ጎምዛዛነቱ ምራቅ ያመጣልን? ታኒኑ ሻካራ ነውን ወይስ ልዝብ? መጠጡ ቀጭን ነውን ወይስ አፍ የሚሞላ? ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ በአፍ ስንት ጊዜ ይቆያል? መልካም የሆነ አሮጌ ወይን ጠጅ ልዝብ ነው፥ ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ ከተዋጠም በኋላ ቶሎ አይለቅም። በትግርኛ ጥዑም የምንለው ቃልና የአማርኛው ጣዕም አንድ ሥር ያላቸው ሲሆኑ፥ ሁለቱም ለእንዲህ ያለው መጠጥ ይስማማሉ።

ቀማሹ አይቸኩል። በአሥራ አምስት ደቂቃ፥ ከዚያም በግማሽ ሰዓት፥ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ይለወጣል። መጀመሪያ ዝግ የነበረው ይከፈታል፤ አንዳንዱም ከተከፈተ በኋላ ፈጥኖ ይጠፋል።

ስለ ቀማሽ ምስክርነት

በአገራችን የቀደመ ልማድ፥ ጠጅ አሳላፊ መጠጡን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይጠጣ ነበር። ይህን የሚያደርገው ለደስታው ሳይሆን ለኀላፊነቱ ነው። መጠጡ ጤናማ መሆኑን በራሱ አካል ይመሰክራል። በቃና ዘገሊላ ሠርግ የቀመሰው የግብዣው አሳዳሪም ወይን ጠጁ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ነበር የመሰከረው፤ ምስክርነቱ ዋጋ ያገኘውም ስለዚሁ ነው።

በዘመናችንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በግንቦት ወር 1976 በፓሪስ ከተማ ዘጠኝ የፈረንሳይ አዋቂዎች የጠርሙሶቹ ስም ተሸፍኖ ቀይ ወይን ጠጅ ቀመሱ። ሻቶ ሙቶን ሮትሽልድና ሻቶ ኦ ብሪዮን በውድድሩ ነበሩ። አንደኛ የወጣው ግን ከካሊፎርኒያ የመጣ የ1973 ወይን ጠጅ ሆነ። ብዙዎች የፈረንሳዩ ሲያረጅ ይበልጣል ብለው ተከራከሩ። በ2006፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ እነዚያው ቀይ ወይን ጠጆች እንደ ገና ተቀመሱ፤ አሁንም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ነበረ። ይህ የቦርዶን ክብር አልሻረውም፤ ነገር ግን ስም የተጻፈበት ወረቀት በምላስ ፈንታ እንደማይቀምስ አሳየ።

ለእኛ በዚህ ነገር ላይ የሚያስቸግረን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ከመልካም ጠባያችን አንዱ ነው፤ የጋባዥን ፊት ይጠብቃል፥ ሽማግሌን ያስከብራል። ነገር ግን ያለፈበትን መጠጥ «ግሩም ነው» ስንል ጋባዡን አላከበርነውም። የተበላሸውን ሁሉ አስጠጥተን ሸኘነው እንጂ። ከዚያም ወዲህ እውነተኛው ጠርሙስ ሲከፈት የምንሰጠው ምስጋና ከፊተኛው ጋር አንድ ስለሚሆን ዋጋ ያጣል። በሩንዳው ማዕድ ሁለተኛው ጠርሙስ የተከፈተው አንዲት እናት ደፍረው ስለ ተናገሩ ነው።

ደግሞም ይህ ዕውቀት የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በ1949 በቦርዶ የተቋቋመው የካስቴል ኩባንያ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ሜርሎ፥ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞ አስተክሎ፥ በ2014 የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገና በሠላሳ ዓመት አልተፈተኑም። አንድ ቀን አንዱ በሩንዳ ወይም በአዲስ አበባ ማዕድ ላይ ሲከፈት፥ እውነቱን የሚናገር ቀማሽ ያስፈልገዋል።

ስለ መጠንና ስለ አነጋገር

አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለዐሥር ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ 75 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ አሮጌ ወይን ጠጅን ለማወቅም ይህ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ፈጽሞ የማያሰጋ የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ መኪና የሚነዳ ሰው፥ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፥ በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት የማይጠጣ እንግዳ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ውኃ ወይም ሌላ መጠጥ ይቅረብለት። የማይጠጣም ሰው ቢወድ ማሽተት ይችላል፤ የሩንዳዋ እመቤት የመጀመሪያውን ጠርሙስ የፈረዱበት በአፍንጫቸው ብቻ ነበር።

አማርኛን በማጥናት ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን በእንዲህ ያለ ማዕድ ላይ ሲገኙ ሊጠቅሟቸው የሚችሉ ጥቂት አነጋገሮችን እንሰጣለን። ወይን ጠጁ መልካም ከሆነ፥ «ቃናው ልዝብ ነው፤ ዓመቱ አልጎዳውም» ይባላል። የቡሽ ጉድለት ከተገኘበት፥ «የሻጋታ ጠረን ያለው መሰለኝ፤ እርስዎም ያሽትቱት እስቲ» ማለት ይቻላል። ዕድሜው ካለፈ ደግሞ፥ «አይቀየሙኝ እንጂ፥ ይህ ጥቂት ያለፈበት መሰለኝ፤ እርስዎ እንዴት አገኙት?» ብሎ ለጋባዡ ፍርዱን በትሕትና መተው ተገቢ ነው። ይህም ሁሉ የሚነገረው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፥ ከተቻለም ወይን ጠጁ ለሌሎቹ እንግዶች ሳይቀዳ በፊት ነው።